የውኃው ገበዝ ማን ነው?

ሰው በመንደር ተሰብስቦ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ብቻውን ሊያደርገው የማይቻለው፣ ከጎረቤቱ ጋራ ሆኖ ግን ሊፈጽመው የሚችለው ብዙ ጉዳይ አለ። የውኃ ጕድጓድ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የገበያ ስፍራ፣ የሕሙማን መታከሚያ፣ የልጆች መማሪያ ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህም ጉዳይ የሚመክር ሸንጎ ከአገራችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ስሙ ብቻ ይለዋወጣል። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የወደድነው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ስለ ሕዝብ አገልግሎት በሚወያዩበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ ስለሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ከአንድ ሽማግሌ ቄስ አፍ ሰማነው እንጂ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን የሚጽፈው ሰው በደጋ አገር ባንድ ወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነበርና ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። የሚነበበውም የዓመቱ የሥራ ክንውን ነው። ይህን ያህል የእጅ ፓምፕ ተተክሏል፣ ይህን ያህል ምንጭ ተጐልብቷል፣ በሚመጣውም ዓመት ይህን ያህል ይጨመራል እየተባለ ቍጥሩ ተዘረዘረ፤ አባላቱም ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። በዚህ ጊዜ ከአገር ሽማግሌዎች ጋራ ተጠርተው ከመጡት መካከል አንድ ቄስ እጃቸውን አንሥተው ተፈቀደላቸውና እንዲህ ሲሉ ተናገሩ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፤ የኛ መንደር ፓምፕ ከተተከለ አራት ዓመት ሆነው። ውኃ መስጠት ካቆመ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን በተነበበው ውስጥ ግን ከደኅናዎቹ ጋራ ተቈጥሮ ሰማሁት። ለመሆኑ የውኃው ገበዝ ማን ነው?»

ካዳራሹ ውስጥ ጥቂቶች ሣቁ። አፈ ጉባኤውም በትሕትና፣ «መምሬ፣ ያነሡት አሳብ መልካም ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ያየዋል» ብለው ወደ ሌላው ጉዳይ ተሻገሩ። እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም።

የገበዝን ሥራ ለካህናት አንባቢዎቻችን ማስረዳት ድፍረት ይሆንብናል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤት ላደጉት ወገኖቻችን ጥቂት እንበል። ባንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ፣ ጧፉና ዕጣኑ ሳያልቅ የሚያስብ፣ ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ቀድሞ የሚያይና ለሕዝቡ የሚያስታውቅ ሰው ነው። ቍልፉ በእርሱ እጅ ነው፤ አንድ ዕቃ ቢጐድል የሚጠየቀው እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው ንጉሥ ይሁን መኳንንት ይሁን ባላገር፣ ሠሪው ካለፈ በኋላ ሕንጻው ዕድሜ ያገኘው በእንዲህ ያለ ሰው ነው። ገበዝ ሁሉ ትጉህ ነው አንልም፤ ሰነፍም ገበዝ አይተናል። ነገር ግን ሰነፉን እንኳ ሰነፍ ለማለት የሚቻለው ሥራው የእርሱ መሆኑ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን ባንድ ላይ አስቀምጦ ገቢና ወጪ እንዲመረመር አደረገ እንጂ የጠባቂነቱን ሥራ አላስቀረውም።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ምሳሌ አይጠፋም። የዕድርን ዕቃ ቤት ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ድንኳኑ ታጥፎ፣ አግዳሚው ወንበር ተደርድሮ፣ ብረት ድስቱና ሳሕኑ ተቈጥሮ ተቀምጧል። አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ሰባሪው ይከፍላል፤ በወር መዋጮው የቀረ ይቀጣል፤ ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ያቆመው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ትምህርት የሌለው የሰፈር ሰው ነው። «ሕዝቡ የራሱን ንብረት መጠበቅ አያውቅም» የሚል ቃል ካንዳንድ ሹማምንት አፍ ሲወጣ በሰማን ጊዜ የሚታወሰን ይህ የዕድር ዕቃ ቤት ነው። ያው ሰው፣ ያው ሰፈር፣ ድንኳኑን ሃያ ዓመት ጠብቆ ፓምፑን በሁለት ዓመት የሚጥለው ስለ ምን ይሆን? ድንኳኑን ሲገዛ ተማክሮ፣ ደንብ ጽፎ፣ ቍልፍ ያዥ መርጦ ነው። ፓምፑ ግን አንድ ቀን በመኪና መጣ፤ ሠራተኞች ተከሉት፤ ሪባን ተቈረጠ፤ መኪናው ተመለሰ።

የጎንደርን የፋሲል መዋኛ የሚያውቁ ሁሉ ይህን ነገር በሌላ መልክ ያዩታል። በ17ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከዐፄ ፋሲል ስም ጋራ የተያያዘው ይህ ገንዳ ዓመቱን በሙሉ ደረቅ ሆኖ ይቆይና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ በመጣ ውኃ ይሞላል። ያ ቦይ በየዓመቱ ካልተጠረገ ውኃው አይደርስም። ድንጋዩን የካበው ጠቢብ ምስጋና ይገባዋል፤ ሥራው እስከ ዛሬ አገልግሎት እንዲሰጥ ያደረገው ግን ጥር 10 ቀን ከተራ መሆኑ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ከዚያም በፊት ገንዳው መሞላት ስላለበትና ለዚህም የሚጠየቅ ሰው ስላለ ነው። የዚያችው የጎንደር ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው የአንገረብ ግድብ ግን በአካባቢው ካለው ተራራ በሚታጠብ ደለል እየተሞላ መያዝ የሚገባውን ያህል ውኃ ለመያዝ ተሳነው። ግንቡ አልፈረሰም። ከግንቡ በላይ ያለውን መሬት መጠበቅ የማን ሥራ እንደ ሆነ መወሰኑና መፈጸሙ ከግንቡ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ እንጂ።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በአገራችን ስለ ከተማ አገልግሎት የሚመክር ጉባኤ በዘመናዊ ሕግ የተደነገገው በ1937 ዓ.ም. በወጣው ቍጥር 74 በሆነው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ነው። በዚያ አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲመደቡ፣ ከመሥሪያ ቤቶች የተወከሉ ሹማምንትና ከከተማው ባለ ርስቶችና ነጋዴዎች የተመረጡ ሰዎች ባንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ከተማቸው እንዲመክሩ ተወሰነ። ኋላም በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን በአዋጅ ቍጥር 47 ቀበሌ የሚባለው የነዋሪዎች ማኅበር ቆመ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም በአዋጁ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ይህም ለድኻው ታላቅ ዕረፍት እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ያ ትንሽ ኪራይ ጣራ ለመቀየርና የጭቃ ግድግዳ ለመመረግ የሚበቃ አልነበረምና ቤቶቹ በተከራዮቻቸው ላይ አረጁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ሲባል የሚያፈስ ጣራና የጋራ መጸዳጃ ቤት በሰው አሳብ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ማደሻ ያልታሰበለት ሥጦታ ለተቀባዩ ዕዳ ሆነ።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቅርቡ ባለው አስተዳደር በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኞቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ያዛል። በአንቀጽ 43ም ማኅበረሰቡን በሚነካ ሥራ ላይ አሳቡን የመስጠት መብት ተጽፎለታል። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ወረዳዎች ባንድነት የሚሰጣቸውን በጀት ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቍጥር እስከ 300 እንዲደርስ ሆኖ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ቀርቦ ነበር። እንግዲህ ተሰብስቦ የሚነጋገር ሰው አላነሰም። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፤ ቋሚ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ የሥራ ኃላፊውን ጠርቶ ይጠይቃል። ሥልጣኑ በእጁ ነው።

ታዲያ የሚጠየቀው ምንድር ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በጉባኤ የሚነበበው ወረቀት የተተከለውን እንጂ ዛሬ ውኃ የሚሰጠውን አይቈጥርም። አባሉም ለመንደሩ አዲስ ፓምፕ ይለምናል፤ የተሰበረው እንዲጠገን ግን ለመለመን ያፍራል፤ አዲስ ነገር ያመጣ እንደ ሆነ ስሙ ይነሣል፣ አሮጌ ያሳደሰ ግን የሚያመሰግነው የለም። በጀቱም ቢሆን አብዛኛው ለደመወዝ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነውና ያ ጥቂት ገንዘብ ለአዲስ ሥራ ማስጀመሪያ ሲታሰብ ለመለዋወጫ ዕቃ የሚሆን አይተርፍም። በዚያ ላይ የወቅቱ ነገር አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ሐምሌ ማለት በደጋው አገር ጅረቱ ሁሉ የሚሞላበት፣ ከየቤቱ ጣራ ውኃ የሚቀዳበት ወር ነው። በዚያ ወር ስለ ውኃ ጥም መናገር በሠርግ ቤት ስለ ረኃብ እንደ መናገር ይሆናል። ፓምፕ አልሠራም የሚል ጩኸት የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጀቱ ተደልድሎ አልቋል። የውኃ ጉዳይ በተለይ በበጋ ወር በሚደረግ ጉባኤ ላይ እንዲታይ ቢወሰን ገንዘብ የማያስወጣ መልካም ለውጥ ይሆን ነበር እንላለን።

የፓምፕ ነገር ትንሽ እንዳይመስል ጥቂት ሒሳብ እናስብ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተወሰነው ልክ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዕቅድ 15 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በአዲሱ ልክ በቀን 125 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ መመላለስን ይጠይቃል። ቤቷ ከፓምፑ 1 ኪሎ ሜትር የራቀባት ሴት ስድስት ጊዜ ደርሳ ስትመለስ 12 ኪሎ ሜትር ሄደች ማለት ነው፤ ግማሹንም መንገድ 20 ኪሎ በጀርባዋ ተሸክማ ነው። ይህ ዕቅዱ በሙሉ ተፈጽሞ ፓምፑም ደኅና ሲሆን ነው። ፓምፑ ቆሞ ወንዙ 3 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቢሆን ያንኑ 12 ኪሎ ሜትር ሄዳ የምታመጣው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ 8 ሊትር ይደርሳል። ከዚያ ላይ የሚበሰለው፣ የሚጠጣው፣ የሚታጠበው ሁሉ ሊወጣ ነው። ያም ከብት የሚጠጣበት የወንዝ ውኃ ነው። ሴት ልጅ ካለች ከትምህርት ቤት ቀርታ እናቷን ታግዛለች። የሽማግሌው ቄስ መንደር ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው እንዲህ ነው፤ በጉባኤው ወረቀት ላይ ግን ንጹሕ ውኃ ካገኙት ጋራ ተቈጥሯል።

ይህን ሁሉ መከራ የሚያመጣው ብልሽት ብዙ ጊዜ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ብናስረዳ አንባቢ ይገረማል። በገጠራችን በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ በ1970ዎቹ ዓመታት በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተሠራ ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ጕድጓድ ውኃ ያወጣል። ሠሪዎቹ በተለይ ያሰቡት ባላገሩ ራሱ ባንድ መፍቻ ፈቶ እንዲጠግነው ነው። በውስጡ ውኃውን እያፈነ ወደ ላይ የሚገፋ አንድ የጎማ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ያልቃል፤ እንዲያልቅም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ያህል መለወጥ አለበት። ሳይለወጥ ሲቀር ውኃው ይደክማል፤ ሴቶቹ እጀታውን አብዝተው ይመታሉ፤ ከዚያ ዘንጉና መጋጠሚያው ይላላል፤ በመጨረሻም ባንድ ቀለበት ይድን የነበረው ፓምፕ በወረዳ ባለሙያ እንኳ የማይነሣ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል 60 አባወራ በወር 10 ብር ቢያዋጣ በዓመት 7,200 ብር ይሰበሰባል። ለቀለበት፣ ለአጥርና ለጠባቂ ወሮታ መነሻ ይሆናል። ነገር ግን መዋጮውን የሚሰበስበው ማን ነው? መፍቻው በማን እጅ ነው? ቀለበቱስ ከየት ይገዛል? ብር ይዞ ወረዳ ከተማ ወርዶ መለዋወጫ አጥቶ የተመለሰ የውኃ ኮሚቴ ብዙ ነው።

የውኃ ኮሚቴ የሚባለው በየፓምፑ አጠገብ እንዲመረጥ፣ ከአባላቱም ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ መመሪያው እንደሚያዝ እናውቃለን። መመሪያው መልካም ነው፤ ውኃ የሚያመጡት ሴቶች ናቸውና የፓምፑን ሕመም ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ኮሚቴው በምረቃው ቀን ተመርጦ ስሙ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ በምክር ቤት ፊት ሒሳቡን እንዲያቀርብ አይጠራም። የማይጠየቅ ጠባቂ ቀስ በቀስ ጠባቂ መሆኑን ይረሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ኮሚቴውን ከዐቅሙ በላይ መውቀስ ግፍ ነው። ቀለበት መለወጥ የመንደር ሥራ ነው፤ ጕድጓድ ሲደፈን፣ ዘንግ ሲቈረጥ፣ የውኃው መጠን ሲወርድ ግን የወረዳው ሥራ ነው። ይህ ድንበር በግልጽ ካልተጻፈ መንደሩ ወረዳውን ሲጠብቅ፣ ወረዳውም መንደሩን ሲወቅስ ሁለት ዓመት ያልፋል።

በሌላውም አገልግሎት ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ አቁሞ ሁለት ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ አድርጓል፤ ለእናቶችና ለሕፃናትም ብዙ ጠቅሟል። የጤና ኬላው በር ሲነቀል ወይም መስኮቱ ሲሰበር የሚያሠራው ጤና ጽሕፈት ቤቱ ይሁን ቀበሌው ሳይታወቅ ግን መድኃኒቱ በሳጥን ሆኖ በሠራተኛይቱ መኖሪያ ቤት ሲቀመጥ አይተናል። የገጠር መንገዱም ቦዩ ካልተጠረገ የአንድ ክረምት ጎርፍ ይበላዋል። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ነገር ባይነሣ ይሻላል።

ለመፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አንልም፤ መሥሪያ ቤት በዝቷል። ምክር ቤቱ ለአንድ ሥራ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት በዚያው ቀን፣ በዚያው ቃለ ጉባኤ፣ የሚጠብቀውን ሰው በስም ይጻፍ። ገንዘብ የሚዋጣ ከሆነ ልኩ ይጻፍ፤ ሹሙ ሥራውን ሲያስረክብ ጠባቂው በፊርማው ይረከብ፤ መፍቻውም ከደረሰኙ ጋራ ይሰጠው። በዓመቱ መጨረሻ የሚነበበው ወረቀትም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሳምንት ውኃ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለየብቻው ይንገረን። ቍጥሩ ያንሳል፤ ጭብጨባውም ያንሳል። ነገር ግን ስለ ምን ገንዘብ መፍቀድ እንዳለበት ምክር ቤቱ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ለካህናት አባቶቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ባላገሩ በእሑድና በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይሰበሰባል፤ በእስላም ወገኖቻችንም ዘንድ ዓርብ ከስግደት በኋላ እንዲሁ ነው። የውኃው መዋጮ ምን ያህል እንደ ተሰበሰበ፣ ምን እንደ ተገዛበት፣ ምን እንደ ቀረ በሦስት ወር አንድ ጊዜ በዚያ ቢነገር ለመስማት የማይቀር ሰው የለም፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን ሳያዘጋጅ አይመጣም። ይህ ለካህኑ የማይገባ የዓለም ሥራ ነው የሚል ቢኖር፣ ያንን ውኃ የሚጠጣው ምእመኑ መሆኑን፣ ማየ ጸሎቱም ከዚያው እንደሚቀዳ ያስብልን።

ከዚያ የሐምሌ ጉባኤ በኋላ ይህን የሚጽፈው ሰው ቃለ ጉባኤውን ለማየት ጠይቆ ተፈቅዶለት ነበር። የሽማግሌው ቄስ ቃል «ከተጋባዥ እንግዶች አስተያየት ተሰጥቷል» በሚል አንድ መሥመር ገብቷል፤ ምን እንዳሉ አልተጻፈም። ጸሐፊው ወጣት ነውና ስለ ምን እንዳልጻፈው ስንጠይቀው አፍሮ፣ «ጥያቄ እንጂ ውሳኔ አልነበረማ» አለን። ብዕሩን አንሥቶም ከመሥመሩ በታች፣ በኅዳጉ፣ የመንደሩን ስም ጻፈና አጠገቡ «ፓምፑ ከቆመ 2ኛ ዓመት፤ ጠባቂ አልተሰየመም» ሲል ጨመረበት።